ጎበዝ ነው፤ ግን አያጠናም፦ ተማሪ መርጦ የሚቀበል ትምህርት ቤት ያነቃዋልን?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። አንዲት እናት የ14 ዓመት ልጃቸው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መካከለኛ የግል ትምህርት ቤት 8ኛ ክፍል ይማራል። እስከ 4ኛ ክፍል ድረስ ሳያጠና ከአንድ እስከ ሦስት ይወጣ ነበር፤ አሁን ከ46 ተማሪዎች 14ኛ ነው፤ የቤት ሥራ አይሠራም፤ የደብተሩ ግማሽ ባዶ ነው። ይኸው ልጅ ስለ አውሮፕላን ሞተር ያገኘውን ሁሉ ያነባል፤ የተበላሸ ስልክ ፈትቶ ይገጥማል፤ ለታናሽ እኅቱ ሒሳብ ያስረዳል። አባቱ አንደኛ ከወጣ ላፕቶፕ እንደሚገዙለት ቃል ገብተዋል። ለ9ኛ ክፍል ደግሞ በመግቢያ ፈተና መርጦ ወደሚቀበልና በማትሪክ ውጤቱ ስሙ ወደሚጠራ ትምህርት ቤት እንዲዛወር ይፈልጋሉ፤ «ከጎበዞች ጋር ሲውል ይነቃል» ይላሉ። እናት ልጄ ይሰበርብኛል ብለው ይሰጋሉ። ክፍያው አሁን ከሚከፍሉት እጥፍ ነው። እንዴት እንምረጥ ሲሉ በደብዳቤ ጠይቀዋል።

ምላሼን ከፊት ላስቀምጥ። ልጁ ትምህርት ቤት መቀየሩን እደግፋለሁ፤ አሁን ያለበት ቦታ ሳይለፋ ደኅና ውጤት እንዲያገኝ ይፈቅድለታልና። ይሁን እንጂ አዲሱን ትምህርት ቤት በመግቢያ ፈተናው ክብደትም ሆነ በማትሪክ ውጤቱ ባትመርጡት ይሻላል። መርጦ የሚቀበል ትምህርት ቤት ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው የማጥናት ልማድን ከቤቱ ይዞ የመጣውን ልጅ ነው፤ ስለዚህ ልማዱን የማስተማር ልምድ ላይኖረው ይችላል። ልማዱ የሌለው ልጅ ሲገባበት ቁጭ ብሎ የሚያስተምረው ሰው ያገኛል ወይስ አያገኝም የሚለው ጥያቄ በእኔ ግምት ከሌሎቹ መለኪያዎች ሁሉ ይቀድማል።

ከምርጫው በፊት ግን መጣራት ያለበት ነገር አለ። «አያጠናም» የሚለው ቃል የሚታየውን ይናገራል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥና ሰሌዳው የሚደበዝዝበት ልጅ ደብተሩ ባዶ ቢሆን አይገርምም፤ የዓይን ምርመራ ቀላል ወጪ ስለሆነ መጀመሪያ ይደረግ። ሌሊት ስልክ ይዞ የሚያመሽ ከሆነ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚገኘው አካሉ ብቻ ነው። ቀድሞ የሚወደውን ሁሉ የተወ ልጅ ቢሆን ኖሮ ስለ ድብርት እናወራ ነበር፤ የእርስዎ ልጅ ግን ሞተሩንም ስልኩንም አልተወም፤ ይህ መልካም ምልክት ነው። የትኩረት ማነስ ችግር በዚህ ብቻ አይሰረዝም። ሳይቅበጠበጡ፣ ዝም ብለው በሐሳብ የሚነጉዱ ልጆች አሉ፤ ብሩህነታቸው በታችኞቹ ክፍሎች ችግሩን ይሸፍንላቸዋል፤ በሚወዱት ነገር ላይ ለሰዓታት መቆየት መቻላቸውም ወላጅን «ሲፈልግማ ይችላል» ያሰኛል። ዕቃ መርሳት፣ የጀመሩትን አለመጨረስ፣ የተነገረውን ግማሹን ብቻ መስማት ከልጅነቱ ጀምሮ በቤትም በትምህርት ቤትም የሚታይ ከሆነ፣ ከማንኛውም የመግቢያ ፈተና በፊት የሕፃናት ሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ይየው።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ምንም ካልተገኘ፣ የጻፉት ታሪክ በሙያችን ደጋግመን የምናየውን መንገድ የተከተለ ነው። ልጁ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል መምህሩ ሲናገር በመስማት ብቻ ሁሉንም ይዞታል። ስለዚህ ያልገባውን ነገር ይዞ መቀመጥን፣ ሦስት ጊዜ ተሳስቶ በአራተኛው ማግኘትን፣ ዛሬ ያነበበውን በሳምንቱ መልሶ ማየትን የሚጠይቅ አጋጣሚ አልነበረውም። ሌሎቹ ልጆች እነዚህን ነገሮች በ2ኛና በ3ኛ ክፍል እየተቸገሩ ተማሯቸው። ከ5ኛ ክፍል በኋላ የትምህርቱ ብዛት በመስማት ብቻ የሚያዝ አልሆነም፤ ልጁም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልገባው ነገር ገጠመው። እዚህ ላይ የሚሆነው ከውጭ ስንፍና ይመስላል። እሱ ዘንድ ግን «ጎበዝ» ማለት ሳያጠና የሚያውቅ ማለት ነው፤ ቁጭ ብሎ ቢያጠናና ቢሳሳት ያንን ስም ያጣል፤ ሳያጠና ቢሳሳት ግን ስሙ አይነካም፤ «ባጠናማ ኖሮ» የሚል ማምለጫ አለው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ጥናት ይህንኑ በሙከራ አሳይቷል፤ የ5ኛ ክፍል ተማሪዎች ጥያቄ ሠርተው ከጨረሱ በኋላ ገሚሶቹ በብልህነታቸው፣ ገሚሶቹ በጥረታቸው ተሞገሱ፤ ከዚያ ከባድ ጥያቄ ተሰጥቷቸው ሲወድቁ፣ በብልህነታቸው የተሞገሱት ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፤ በቀጣዩ ፈተናም ውጤታቸው ዝቅ አለ። (ከዚህ ሐሳብ ተነሥተው ለትምህርት ቤቶች የሚሸጡ አጫጭር ሥልጠናዎች የሚያመጡት ለውጥ ግን ትንሽ ነው፤ አንድ ትምህርት ቤት በግድግዳው ላይ መፈክሩን ስለለጠፈ ብቻ አትማረኩ።)

ስለ ላፕቶፑም አንድ ነገር ልበል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1971 ባደረገው ሙከራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚያዝናና የቅርጽ እንቆቅልሽ እንዲፈቱ አደረገ፤ ለገሚሶቹ ገንዘብ ከፈለ። ክፍያው ሲቆም የተከፈላቸው ተማሪዎች በነፃ ጊዜያቸው እንቆቅልሹን የመንካት ፍላጎታቸው ቀነሰ። ሽልማት ሁልጊዜ ይጎዳል ማለት አይደለም፤ አሰልቺ ለሆነ ሥራ ማስጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ለደረጃ የሚሰጥ ሽልማት ግን ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ደረጃ በልጁ እጅ ያለ ነገር አይደለም፤ 14ኛ የወጣ ልጅ አንደኛ ለመውጣት ያለውን ርቀት ሲያየው ገና ሳይጀምር ይተወዋል። ላፕቶፑን ለመግዛት ካሰባችሁ ያለ ቅድመ ሁኔታ ግዙለት፤ ሞተር ለሚወድ ልጅ መሣሪያ ነው።

አሁን ወደ አባትየው ሐሳብ ልምጣ፤ ሐሳቡ ምክንያታዊ ነው፤ ሊፈተሽም ይገባዋል። ለእኛ ቅርብ የሆነው ማስረጃ የኬንያ ነው። ቀጥዬ የምጠቅሰው ጥናት በተሠራበት ጊዜ በኬንያ ተማሪዎች የ8ኛ ክፍል ማጠቃለያ ፈተና ውጤት ይዘው የሚገቡባቸው፣ በመላ አገሪቱ የሚታወቁ ብሔራዊ የሚባሉ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ኤድሪየን ሉካስና አይዛክ ምቢቲ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት በጥቂት ነጥብ ያለፉትንና በጥቂት ነጥብ የቀሩትን ልጆች አነጻጸሩ፤ እነዚህ ልጆች በችሎታ የሚለያዩት እምብዛም አይደለም፤ የተለያየው የገቡበት ትምህርት ቤት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በመልቀቂያ ፈተናው ላይ በሁለቱ መካከል የጎላ ልዩነት አልተገኘም። በዚያው ዓመት ጆሹዋ አንግሪስትና ባልደረቦቹ በቦስተንና በኒው ዮርክ ባሉ፣ በመግቢያ ፈተና መርጠው በሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች ላይ ያወጡት ውጤትም ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ ከጎበዞች ጋር መዋል ብቻውን ልጅን ጎበዝ አያደርግም።

የሮማኒያው ጥናት ደግሞ ለእናንተ ቤት ይበልጥ የሚናገር ይመስለኛል። ክርስቲያን ፖፕ-ኤሌቼሽና ሚጌል ኡርኪዮላ እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳዩት፣ እዚያ ወደ ተሻለ ትምህርት ቤት በጥቂት ነጥብ የገቡ ልጆች በመጨረሻው ፈተና መጠነኛ ብልጫ አግኝተዋል፤ ጥቅሙ ባዶ አይደለም። ሆኖም እነዚሁ ልጆች ራሳቸውን ከክፍላቸው ደካማ አድርገው ቆጠሩ፤ ጓደኞቻቸው እንደሚያገሏቸውም ተሰማቸው፤ ወላጆቻቸው ደግሞ በቤት ሥራ ማገዙን ቀነሱ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ እጥፍ ክፍያ ከፍሎ «እንግዲህ ለትምህርት ቤቱ አስረክቤያለሁ» የሚልን ወላጅ ሁሉ ይመለከታል።

ልጅ ራሱን የሚመዝነው በአገሪቱ ተማሪዎች ሚዛን ሳይሆን በአጠገቡ በተቀመጡት ነው። ይህን በአውስትራሊያ የሠራው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርበርት ማርሽ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በብዙ አገሮች መረጃ ደጋግሞ አሳይቷል፤ እኩል ችሎታ ካላቸው ሁለት ልጆች መካከል የክፍል ጓደኞቹ ይበልጥ ጎበዞች የሆኑበት ልጅ በራሱ ችሎታ ላይ ያለው እምነት ያነሰ ነው። የመማር ልማድ ያለው ልጅ ይህን ድንጋጤ በሥራ ያልፈዋል። የእርስዎ ልጅ ግን «ጎበዝ ነኝ» ከሚለው እምነት በቀር ሌላ የሚይዘው ነገር ገና የለውም፤ በመግቢያ ፈተናው ለጥቂት ካለፈና ከክፍሉ መጨረሻ ላይ ካረፈ፣ ያንን እምነት በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ካርድ ያጣዋል። የእናት ስጋት መሠረት አለው የምለው ለዚህ ነው። የምመክረውም እንግዲህ በመግቢያ ፈተናው ውጤት ከገቢዎቹ መካከለኛ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆንበትን ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱን «ልጄ ከገቢዎቹ መካከል የትኛው ሩብ ላይ ነው?» ብለው መጠየቅ መብትዎ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ባለበት ይቆይ ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። በአሁኑ ክፍሉ ሳይሠራ 14ኛ መውጣት መቻሉ በየቀኑ የሚማረው ትምህርት ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት እስከ 8ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ ተብሎ በአንድነት የሚሰጠው በ9ኛ ክፍል ወደ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይከፈላል፤ በመስማት ብቻ መዝለቅ ለብዙ ልጆች የሚያበቃው እዚህ ነው። ለመቀየር 9ኛ ክፍል ከ10ኛ የሚሻለውም ሁሉም አዲስ የሚሆንበት ዓመት ስለሆነ ነው።

ማስታወቂያዎቹን እንዴት እንደሚያነቡ ልናገር። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከያዘ ወዲህ 50 በመቶና በላይ ያመጡት በዚያ ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበሩ። በዚህ መካከል «መቶ በመቶ አሳለፍን» የሚል ባነር የሰቀለ ትምህርት ቤት የወላጅን ዓይን ቢስብ ተፈጥሯዊ ነው። ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን የሚነግረን ማንን እንዳስገባና ማንን እንዳስቀረ ጭምር ነው። የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከአራት ዓመት በፊት 9ኛ ክፍል ከገቡት ስንቶቹ እዚሁ 12ኛ ክፍል ተፈተኑ? 120 ገብተው 70 ብቻ ከተፈተኑ፣ የጎደሉት 50 ልጆች ወዴት ሄዱ? ብዙ መራጭ ትምህርት ቤቶች የዓመቱ አማካይ ከተወሰነ ነጥብ በታች የሆነበትን ተማሪ መሸኛ ሰጥተው ያሰናብታሉ። ሕጉ በጽሑፍ ይኑር፤ ነጥቡ ስንት እንደሆነ፣ ከመሰናበቱ በፊት ምን ድጋፍ እንደሚሰጥ፣ አንድ ሩብ ዓመት የተሰናከለ ልጅ የሚያገግምበት ጊዜ እንዳለ ይጠይቁ። ለእርስዎ ልጅ ይህ ሕግ ከመግቢያ ፈተናው ይበልጣል፤ ልማድ የሚማርበት የመጀመሪያ ዓመት በውጤት የሚደክምበት ዓመት ሊሆን ይችላልና።

ለጉብኝት ሲሄዱ ቤተ ሙከራውንና የኮምፒዩተር ክፍሉን ያሳዩዎታል። በትሕትና ይመልከቱና የተማሪ ደብተር ለማየት ይጠይቁ። መካከለኛ የሆነ የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሒሳብ ደብተር፣ የትምህርት ቤቱን ብሮሹር ሁሉ ቢደምሩት የማይነግርዎን ይነግርዎታል። መምህሩ ራይት ብቻ አድርጎ አልፎታል ወይስ የተሳሳተበትን መስመር አሳይቶታል? የታረመውን ልጁ መልሶ ሠርቶታል? ፈተና ከተሰጠ በስንት ቀን ይመለሳል? ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚመለስ ወረቀት ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ የተሳሳተበትን ምክንያት አያስታውሰውም። በመቀጠል ለዩኒት ሊደሩ ይህን ጥያቄ ያቅርቡ፦ «ባለፈው ዓመት ችሎታ እያለው የማይሠራ ተማሪ አጋጥሟችሁ ነበር? ምን አደረጋችሁለት?» መልሱ «ወላጅ ጠራን፤ አስጠነቀቅን፤ ዝቅ ሲል ሴክሽን ቀየርን» ከሆነ ተሰናብተው ይውጡ። መልሱ አንድን ልጅ ስም ሳይጠራ የሚገልጽ ከሆነ፣ ማን እንደተከታተለው፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንዳገኘው፣ ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ የሚያስታውስ ከሆነ፣ እሱ ትምህርት ቤት በክፍያው ልክ ሥራ ይሠራል። በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንዳለ፣ የሆም ሩም መምህሩ ስንት ልጆችን በስም እንደሚያውቅም ይጠይቁ።

ክበባት ለእርስዎ ልጅ ትርፍ ነገር አይደሉም። የሳይንስ ወይም የፈጠራ ክበብ በወረቀት ላይ ያለ ነው ወይስ በየሳምንቱ የሚሰበሰብ፣ መሪ መምህር ያለው፣ ልጆቹ የሠሩት ዕቃ በእጅ የሚነካ? ሞተር የሚያነብ ልጅ የፊዚክስ መምህሩ ያንን ካወቀለት ትምህርት ቤቱ የሌሎች ቤት መሆኑ ያበቃል። አማካይህ ከዚህ በታች ከሆነ ከክበቡ ትወጣለህ የሚል ደንብ ካለ ግን ልጁን የሚያስረው ብቸኛ ገመድ በመጀመሪያ ችግር ጊዜ ይቆረጣል።

በአዲስ አበባ ስማቸው የቆየ ትምህርት ቤቶች አንዱ ከሌላው በጣም ይለያያሉ። የካቶሊክ ማኅበር የሆኑት የላሳል ወንድሞች የሚያስተዳድሩት ቅዱስ ዮሴፍ ዓይነቱ በሥርዓትና በጥብቅ ክትትል ይታወቃል፤ በፈረንሳይኛ የሚያስተምረው ሊሴ ገብረ ማርያም ቋንቋውን ከታች ላልጀመረ ልጅ በ9ኛ ክፍል የሚታሰብ አይደለም፤ የውጭ አገር ሥርዓተ ትምህርት የሚከተሉት ደግሞ ክፍያቸውም የሚያደርሱበት ዩኒቨርሲቲም ሌላ ውሳኔ ስለሆነ ከዚህ ጥያቄ ጋር አታደባልቁት። በደብረ ብርሃን እንዳለው ኃይሌ-ማናስ አካዳሚ ያሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች የማምሻ ጥናት ሰዓት ስላላቸው ለአንዳንድ ልጆች ይጠቅማሉ፤ ልጁ ራሱ ካልፈለገ ግን አዳሪ ቤት እንደ ቅጣት ይቆጠራል። ስለ ርቀት አጭር ነገር፦ በሰርቪስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል የሚጓዝ ልጅ የሚያጠናበት ጊዜና አቅም በመንገድ ይቀራል። ስለ ክፍያም፦ እጥፉን ለመክፈል ቤቱ የሚጨናነቅ ከሆነ ልጁ ያውቃል፤ «ስንት እየከፈልኩብህ» የሚለው ንግግር ከአፍ ሳይወጣም ይሰማል።

አሁን ወደ ልጁ። በደብዳቤዎ ውስጥ የእርስዎንም የአባቱንም ሐሳብ አግኝቻለሁ፤ የእሱን ግን አላገኘሁም። ሁለት ወይም ሦስት ትምህርት ቤቶችን እናንተ ለዩ፤ ከእነዚያ መካከል እሱ ጎብኝቶ ይምረጥ። ይህ ማግባባት አይደለም፤ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ለብዙ ዓመታት ባካሄዱት ሥራ ተነሳሽነት ከሚቆምባቸው ሦስት ነገሮች አንዱ አድርገው ያስቀመጡት የራስን ጉዳይ በራስ መወሰን ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ መቻልን ማየትና ከሚያስቡልህ ሰዎች ጋር መሆን ናቸው። በጣም መራጩን እሱ ራሱ ከመረጠ፣ ከላይ ያልኩትን ጥንቃቄ በግማሽ አላላዋለሁ።

የመግቢያ ፈተናው ዝግጅትም መረጃ ይሰጣችኋል። ከፈተናው ሁለት ወር ቀደም ብሎ በቀን 40 ደቂቃ፣ በአንድ ቋሚ ሰዓት፣ ስልክ ከሌላ ክፍል ተቀምጦ፣ የሚያጠናውን ርዕስ ራሱ ጽፎ ይጀምር። አስጠኚ ብትቀጥሩለት፣ አስጠኚው የቤት ሥራውን አብሮት የሚሠራ ሳይሆን ልጁ የተሳሳተበትን ቦታ ለይቶ እንዲያስረዳ የሚጠይቅ ይሁን፤ ከጎኑ ሆኖ እያንዳንዱን መስመር የሚነግረው ሰው ካለ ልጁ እንደ ቀድሞው በመስማት ያልፈዋል፤ ችግሩም ወደ 9ኛ ክፍል ተሸጋግሮ ይጠብቀዋል። በእነዚህ ሁለት ወራት አብዛኛውን ቀን ከተቀመጠ፣ ውጤቱ ምንም ይሁን፣ ለከበደው ትምህርት ቤት ዝግጁ ነው። እየተጎተተ፣ በየቀኑ በጭቅጭቅ ብቻ ከተቀመጠ፣ ፈተናውን ቢያልፍ እንኳ ክትትሉ የጠነከረውንና ፉክክሩ የላላውን ምረጡ።

ከገባ በኋላ እስከ ጥር ድረስ ደረጃ አትጠይቁት። በየሳምንቱ አርብ ማታ ደብተሮቹን አብራችሁ ተመልከቱ፤ የምትጠይቁትም «በዚህ ሳምንት ምን ከበደህ? ከዚያ ምን አደረግህ?» የሚል ይሁን። ምንም አልከበደኝም የሚል መልስ ለሦስት ሳምንት ከተደጋገመ የሆም ሩም መምህሩን አግኙ፤ ወይ አልሠራም፣ ወይ ትምህርት ቤቱ አልመጠነውም። የመንፈቀ ዓመቱ ካርድ ሲመጣ አማካዩ ከ8ኛ ክፍሉ ቢያንስም የቤት ሥራ የሚያስረክብ፣ የታረመለትን መልሶ የሚሠራ ከሆነ ይቆይ። ደብተሩ አሁንም ባዶ ከሆነ፣ እንቅልፉ ከተበላሸ ወይም ስለ ሞተር ማንበቡን ካቆመ ዓመቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ በጥር ወር ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጋር ተነጋገሩ፤ ያላደረጋችሁትንም የባለሙያ ምርመራ በዚያው ወር አድርጉ።